ለእግር የሚመች ሰፈር

የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ምክር ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። «በየቀኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ነገር ግን ምክሩን የተቀበሉት አባት ወይም እናት ከጤና ጣቢያው በር ሲወጡ የሚጠብቃቸው መንገድ ምን ዓይነት ነው? የእግረኛው መንገድ በአሸዋና በድንጋይ ክምር ተዘግቶ፣ የቦዩ ክዳን ተነሥቶ፣ ከፀሐይ የሚያስጠልል አንድ ዛፍ ጠፍቶ፣ መኪናው ደግሞ ትከሻ እየታከከ የሚያልፍ ከሆነ ምክሩ በወረቀት ላይ ይቀራል። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «ስንፍና ይዞኝ ነው» ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ ልናስገነዝብ የፈለግነው ስንፍና ሁሉ የሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰፈርም ሰውን ያሰንፋል፤ ሰፈርም ሰውን ያበረታል። አንድ ቤተሰብ በቀን ስንት እርምጃ እንደሚራመድ የሚወስነው የአባወራው ፈቃድና የእመቤቲቱ ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ከደጃፋቸው ጀምሮ ያለው መንገድ፣ የሱቁ፣ የመስጊዱና የትምህርት ቤቱ ርቀት፣ የዛፉ ጥላ ጭምር ነው። ይህንን ለማስረዳት መጀመሪያ እንቅስቃሴ ለሰውነት ያለውን ጥቅም፣ ቀጥሎም ስለ ሰፈር የተደረጉ ጥናቶችን፣ ከዚያም የሐረርንና የአዲስ አበባን ሁኔታ እንመለከታለን።

ሰውነት ሲቀመጥ

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሬሚ ሞሪስ የተባለ በእንግሊዝ አገር የሚሠራ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሕክምናው ዓለም ዝነኛ የሆነ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ የተደረገው በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ላይ ነበር። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ አውቶቡሳቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ የልብ ሕመም ሾፌሮቹን ይበልጥ ሲያጠቃ፣ ትኬት ቆራጮቹን ግን ያነሰ ሲያጠቃ ተገኘ። በትኬት ቆራጮቹ ላይ ሲደርስም ዘግየት ብሎና ገዳይነቱ ቀንሶ ነበር።

ልብ እንበል! ትኬት ቆራጮቹ ስፖርተኞች አልነበሩም። ቱታ ለብሰው ሜዳ አልወጡም፤ «ለጤናዬ ብዬ ደረጃ ልውጣ» ብለውም አላሰቡም። እንቅስቃሴው በሥራቸው ውስጥ የነበረ በመሆኑ ሳይታወቃቸው ጠቀማቸው። የጽሑፋችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚዘልቀው እንቅስቃሴ በየቀኑ ሕይወት ውስጥ የተሸመነው እንቅስቃሴ ነው።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች አዘውትሮ መንቀሳቀስ የልብ ሕመምን፣ በአንጎል ውስጥ የሚከሰት የደም መፍሰስንና መርጋትን፣ የደም ግፊትን፣ ዓይነት ሁለት የሚባለውን የስኳር ሕመምና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችን እንደሚቀንስ፣ ጭንቀትንም እንደሚያቀል ተረጋግጧል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ማድረግ እንደሚገባው ገልጿል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ነገር ግን በዚሁ ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶ ያህሉ ከዚህ መጠን በታች ይንቀሳቀሱ ነበር። በወጣቶች ዘንድ ሁኔታው የባሰ ነው። ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል ከአምስቱ አራቱ የተባለውን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አመልክቷል።

ሰፈር ሰውን ያራምዳልን?

ለመሆኑ የሰፈሩ አሠራር በእርግጥ ለውጥ ያመጣልን? ወይስ ትጉህ ሰው የትም ይራመዳል፣ ሰነፍ ሰው የትም ይቀመጣል?

ይህንን ጥያቄ ለመመለስ በአሥር አገሮች በሚገኙ 14 ከተሞች ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ከእነዚህ ከተሞች መካከል የኮሎምቢያዋ ቦጎታ፣ የብራዚሏ ኩሪቲባ፣ ሆንግ ኮንግና የቤልጂየሟ ጌንት ይገኙባቸዋል። 6,822 ጎልማሶች እንቅስቃሴን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ በወገባቸው ላይ አስረው ለቀናት ከረሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ለእንቅስቃሴ እጅግ በሚመቹ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች እጅግ በማይመቹት ከሚኖሩት ይልቅ በሳምንት ከ68 እስከ 89 ደቂቃ አብልጠው ይንቀሳቀሳሉ። ይህ የዓለም የጤና ድርጅት ዝቅተኛ ካለው 150 ደቂቃ ግማሽ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር የአንድን ሰው የሳምንት ድርሻ እኩሌታ ሰፈሩ ሊሸፍንለት ይችላል ማለት ነው።

ሰፈርን ለእንቅስቃሴ የሚያመቹት ነገሮች ምንድን ናቸው? ጥናቱ ጎልተው የወጡ አራት ነገሮችን ጠቅሷል። አንደኛ፣ ቤቶች ተቀራርበው መሠራታቸው ነው፤ ሰው ሲቀራረብ ሱቁም አገልግሎቱም ይቀርባልና። ሁለተኛ፣ መንገዶች በየቦታው እየተገናኙ መስቀለኛ መሆናቸው ነው፤ መንገድ በተገናኘ ቁጥር አቋራጭ ይኖራል። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በቅርብ መገኘቱ ነው፤ አውቶቡስ የሚይዝ ሰው እስከ ፌርማታው ይራመዳልና። አራተኛው በእግር በሚደረስበት ርቀት ብዙ መናፈሻ መኖሩ ነው። በዚህ ጥናት ውስጥ ከአፍሪካ የተካተተ ከተማ ባይኖርም፣ ከተሞቹ በሀብትም፣ በባህልም፣ በአየር ጠባይም እጅግ የተለያዩ ሆነው ሳለ ውጤቱ መመሳሰሉ ትኩረት የሚሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «መራመድ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ለመራመድ የሚመች ሰፈር መርጦ ቢገባስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህም ሲባል በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ተመራማሪዎች አዲስ ቤት ሠርተው ወደ አዲስ ሰፈር የሚገቡ ሰዎችን ከመግባታቸው በፊትና ከገቡ በኋላ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ በአዲሱ ሰፈር እንደ ሱቅና ፌርማታ ያለ አንድ ዓይነት አገልግሎት በተጨመረ ቁጥር ሰዎቹ ለጉዳያቸው የሚያደርጉት የእግር ጉዞ በሳምንት ወደ 6 ደቂቃ ገደማ ጨመረ። እንደ መናፈሻ ያለ አንድ ዓይነት የመዝናኛ ቦታ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ለመንሸራሸር የሚራመዱት ከ17 ደቂቃ በላይ ጨመረ። ሰዎቹ ያው እነርሱ ናቸው፤ የተለወጠው ሰፈራቸው ነው።

ከጃፓን የመጣው ማስረጃ ደግሞ በተለይ አረጋውያን ወላጆች ላሉን ሰዎች የሚነካ ነው። በቶኪዮ ከተማ 3,144 አረጋውያን ለአምስት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው በዚህ ጥናት በቤታቸው አቅራቢያ ለመራመድ የሚያመች አረንጓዴ ጎዳናና ቦታ የነበራቸው አረጋውያን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜያቸው፣ ፆታቸው፣ የትዳራቸው ሁኔታና ኑሯቸው ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ለሰበቡ መትጋት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ከሐረር ጀጎል የምንማረው

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ ወደ ሐረር ጎራ ይበል። በግንብ የታጠረችው የሐረር ጀጎል ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር በውስጧ 82 መስጊዶች መኖራቸው ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ ሦስቱ ከአሥረኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮቿ ከተማዋን ከየአቅጣጫው ከገጠሩና ከገበያው ያገናኟታል።

እስቲ አሁን የጠቀስነውን ጥናት ከጀጎል ጋር እናስተያየው። ቤቶቹ ተቀራርበዋል። ቀጫጭን መንገዶቿ እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ በየአቅጣጫው አቋራጭ ይሰጣሉ። ከአብዛኞቹ መንገዶች ጥበት የተነሣ መኪና ሊገባባቸው ስለማይችል መንገዱ የእግረኛና የአህያ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ግንቦች ለመንገዱ ጥላ ይጥሉለታል። 82 መስጊዶች በ48 ሄክታር ላይ ሲከፋፈሉ በየግማሽ ሄክታሩ ገደማ አንድ መስጊድ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለጀማዓ ሶላት የሚሄድ ሽማግሌ ታክሲ አይጠብቅም። የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያወጣለት መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ሥራና መኖሪያ ምን ያህል ጎን ለጎን እንደነበሩ ይመሰክራል። ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰበው አፎቻም ቢሆን የሚጠራራው በእግር በሚደረስበት ርቀት ነው።

የጀጎል ሰዎች «የአካል እንቅስቃሴ መርሐ ግብር» የሚል ጽሑፍ አንብበው አይደለም ከተማቸውን እንዲህ ያበጇት። ለኑሮ፣ ለዒባዳና ለጉርብትና እንዲመች አድርገው ሠሯት፤ መራመዱ አብሮ መጣ። እርግጥ ጀጎል ሁሉ ነገር የተሟላላት አይደለችም፤ በውስጧ ሰፋፊ መናፈሻ የላትም። ነገር ግን አንድን ሰፈር በእግር የሚኖሩበት የሚያደርገው ቅርበት፣ ጥላና ከመኪና መጠበቅ መሆኑን ከእርሷ የተሻለ የሚያሳየን አናገኝም።

አዲስ አበባ፣ በእግር የምትሄድ ከተማ

ወደ ዋና ከተማችን ስንመለስ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። አዲስ አበባ ከሁሉ በፊት የእግረኞች ከተማ ናት። የከተማዋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ላሉት ዓመታት ባወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ላይ እንደተገለጸው ከጠቅላላው ጉዞ 54 በመቶ ገደማው በእግር የሚደረግ ነበር። በግል መኪና የሚደረገው ከዚህ በብዙ ያንሳል። ታዲያ ሕዝባችን እንዲህ የሚራመድ ከሆነ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ መራመዱ በምርጫ ሳይሆን በእጦት መሆኑ ላይ ነው። የታክሲ ሒሳብ ያጣ ሰው ይራመዳል፤ ባገኘ ማግስት ግን መራመዱን ይተዋል፤ መንገዱ የሚያስመርር ነበርና። በእንጦጦ ተራራ ከባድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ጉዞ ማንም «ለጤና የሚደረግ እንቅስቃሴ» ሊለው አይችልም። እግረኛው ሌላም ዋጋ ይከፍላል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የእኛ ከተማ ጥያቄ «ሕዝቡን እንዴት እናራምደው?» የሚል ብቻ አይደለም። «የሚራመደው ሕዝብ ኑሮው ሲሻሻል መራመዱን እንዳይተው ምን እናድርግ?» የሚል ጭምር ነው።

ባለፉት ዓመታት የታዩ መልካም ጅምሮች አሉ። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ ዋና ዋና ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለልጆች ጨዋታ ተለቀቁ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ከቀደምቶቹ አንዷ ቦጎታ ስትሆን፣ እርሷ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምራ በየእሑዱና በበዓላት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለሕዝብ ትለቃለች። በአዲስ አበባ ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም መጨረሻ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ተከፈቱ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ በብዙ ጎዳናዎች ላይ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አትክልት ተሠርቷል። በምሽት እነዚህን ጎዳናዎች የሚያይ ሰው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ይመለከታል። መንገድ ሲመች ሰው እንደሚወጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን ማየት ይገባል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሌሎችም በመልሶ ማልማቱና በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከነባር ሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ዳር ሄደዋል። ነባሩ ሰፈር ቤቱ የተጎሳቆለ፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ እርሱን ማሞገስ አይገባንም። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ጉልት፣ ወፍጮ፣ ሱቅ፣ መድረሳ፣ መስጊድ፣ ዕድርና ዘመድ ሁሉም በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ይገኙ ነበር። ወደ ዳር የሄደው ቤተሰብ የተሻለ ቤትና የግል መጸዳጃ አገኘ፤ በዚያው ልክ ይህን ቅርበት አጣ። አባት ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ለሰዓታት በአውቶቡስ ተቀምጦ ይመለሳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እናት አያት ጉልበታቸውን እያመማቸው ለመውረድ ይፈራሉ፤ ቢወርዱም የሚቀመጡበት አግዳሚ የለም። ሕፃኑ «መኪና ይገጭሃል» እየተባለ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይውላል። ከመሐል ከተማ ያማረው ጎዳና ለእነዚህ ቤተሰቦች የበዓል ቀን ሽርሽር እንጂ የየቀን መንገዳቸው አይደለም።

በመሆኑም አንድ ትልቅ ፓርክ በከተማው አናት ላይ መኖሩ መልካም ቢሆንም፣ የቤተሰብን ጤና የሚጠብቀው በየብሎኩ አጠገብ ያለው ትንሽ አረንጓዴ ቦታና እስከ ሱቁ፣ እስከ መስጊዱ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ጥላ ያለው መንገድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጎበኝ መናፈሻ ፎቶግራፍ ያተርፋል፤ በየቀኑ የሚረገጥ መንገድ ጤና ያተርፋል።

አረንጓዴነት ጌጥ ብቻ አይደለም

አንዳንዶች ዛፍና አትክልት ለዓይን ውበት ብቻ የሚተከሉ ይመስላቸዋል። ዛፍ ለእግረኛ ከዚህ የበለጠ አገልግሎት አለው። በቀትር ፀሐይ አስፋልት ሲግል ከዛፍ ጥላ በታች ያለው መንገድ ይቀዘቅዛል። በመኪናውና በእግረኛው መካከል የተተከለ የዛፍ ረድፍ እግረኛውን የተከለለ ሆኖ እንዲሰማው ያደርገዋል። የሚያምር መንገድ ደግሞ አጭር ይመስላል፤ ሰው ሳይሰለች ይዘልቀዋል።

ነገር ግን ሣር ሁሉ አያራምድም። በአጥር ታጥሮ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሣር ለዓይን እንጂ ለእግር አልተሠራም። የሚያራምደው አረንጓዴ ቦታ በውስጡ የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚያርፉበት አግዳሚ፣ ንጹሕ መጸዳጃና የምሽት መብራት ያለው ነው። የዛፉም ዓይነት ይታሰብበት። በ1880ዎቹ ዓ.ም በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማቃለል የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ታድጓል፤ ሆኖም ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ለግቢና ለመንገድ ዳር ተመራጭ አይደለም። እንደ ዋንዛ ያሉ ቅጠለ ሰፊ አገር በቀል ዛፎች ጥላቸው የተሻለ ነው።

የሴቶች፣ የሕፃናትና የአረጋውያን መንገድ

አንድ መንገድ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ጎረምሳ ስለሄደበት አይደለም። ጎረምሳ ቦይ ዘሎም ያልፋል። የመንገድ መለኪያው ልጅ ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌና የሰባት ዓመት ተማሪ ናቸው።

እህቶቻችን በቤት ውስጥ ሥራ ይደክማሉ እንጂ የልብን ትርታ ከፍ የሚያደርግ፣ ሳንባን የሚከፍት ጉዞ ለማድረግ ብዙዎቹ ዕድል የላቸውም። ይህም የሚሆነው ስለማይፈልጉ ሳይሆን መብራት በሌለበት፣ ለከፋ በበዛበት መንገድ መውጣት ስለሚያሳስባቸው ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ሆነው ከአስር ሶላት በኋላ ለግማሽ ሰዓት የሚራመዱበት ብርሃን ያለውና ሰው የማይጠፋበት መንገድ ካገኙ ግን ልብሳቸው ሒጃብ መሆኑ የሚያግዳቸው ነገር አይደለም።

እኛ መምህራን ጠዋት በትምህርት ቤት በር ላይ ስንቆም የምናየው ነገር አለ። በእግራቸው የሚመጡት ልጆች እየተሳሳቁ፣ ፊታቸው ፈክቶ ይደርሳሉ። ከሰርቪስ የሚወርዱት ብዙውን ጊዜ እንቅልፋቸውን ያልጨረሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ለሆነበት ልጅ ሰርቪሱ የግድ ነው። ነገር ግን ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ልጆችም በመኪና የሚመጡት ወላጆች የመንገዱን መሻገሪያ ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃታቸው እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ልጁን በመኪና መቆለፍ ሳይሆን መሻገሪያውን ማስተካከል ነው። ሁሉም ልጁን በመኪና ሲያመጣ የትምህርት ቤቱ በር በመኪና ይጨናነቃል፤ በእግሩ ለሚመጣው ልጅ አደጋው ደግሞ ይብሳል።

ከቤተሰብና ከሰፈር ምን ይጠበቃል?

ከተማን መልሶ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰብና ጎረቤት ሊሠሯቸው የሚችሏቸው ነገሮች ጥቂት አይደሉም።

1ኛ. ቤት ስንከራይ ወይም ስንገዛ የክፍሉን ብዛት ብቻ አንቁጠር። ከደጁ ተነሥተን አሥር ደቂቃ በእግር እንሂድና ሱቅ፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ፌርማታና ልጅ የሚጫወትበት ቦታ መኖሩን እንይ። ኪራዩ የቀነሰ ቤት በታክሲ ሒሳብና በመድኃኒት ዋጋ ሊወደድ ይችላል።

2ኛ. የቅርቡን ጉዳይ በእግር እንፈጽም። ስሌቱ ቀላል ነው። መስጊዱ 600 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ሰው በሳምንት ወደ 210 ደቂቃ ይራመዳል፤ ከተባለው 150 ደቂቃ አለፈ ማለት ነው። ወደ ሶላት ሲኬድ በእርጋታ፣ ሲመለሱ ፈጠን ብሎ መራመድ ይቻላል። በእርጋታ መሄዱም ቢሆን ከመቀመጥ ይሻላል። ሴቶችም ወደ ገበያና ወደ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱትን መንገድ በዚሁ ዓይነት ሊያሰሉት ይችላሉ።

3ኛ. ልጆችን በቡድን እንላክ። በአንድ ብሎክ ያሉ ወላጆች ተራ ገብተው አንድ ቀን አንዱ፣ ሌላ ቀን ሌላው ልጆቹን በእግር ይዞ ቢያደርስ ፍርሃቱም ይቀንሳል፤ ልጆቹም ይንቀሳቀሳሉ፤ የነዳጅ ወጪም ይተርፋል።

4ኛ. የሰፈሩን መንገድ የራሳችን እናድርግ። የተነሣ የቦይ ክዳን፣ የፈሰሰ የግንባታ ተረፈ ምርት፣ የጠፋ መብራት በዕድሩ ወይም በነዋሪዎች ኮሚቴ በኩል ለወረዳው በጽሑፍ ይቅረብ። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ሰደቃ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ተምረነዋል፤ ለጥላ ዛፍ መትከልም እንዲሁ። የኮንዶሚኒየም ግቢ ባዶ መሬት ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ከመዋሉ በፊት ከፊሉ ለዛፍ፣ ለአግዳሚና ለልጆች መጫወቻ እንዲቀር በስብሰባ ላይ እንናገር። ዛፍ በክረምት ተተክሎ በበጋ ውሃ ካላገኘ ይደርቃልና የሚያጠጣ ሰው በተራ ይመደብ።

5ኛ. ነጋዴዎቻችንና ባለ ሕንፃዎቻችን የእግረኛውን መንገድ በዕቃና በመኪና ባይይዙት መልካም ነው። እግረኛው የሱቃቸው ደንበኛ ነው።

6ኛ. የልብ ሕመም፣ ከባድ የደም ግፊት ወይም የእግር ቁስል ያለው የስኳር ሕመምተኛ መራመድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የሚጀምርም ሰው በአሥር ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የሚመች የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታም እግሩን ይመልከት።

ውድ አንባቢያን! ጤና በሐኪም ቤት ይጠገናል፤ የሚገነባው ግን በቤትና በሰፈር ነው። የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ሳያውቀው ልቡን የጠበቀው ደረጃው ሥራው ላይ ስለነበረ ነው። የቶኪዮዋ አሮጊት ዕድሜ የጠገቡት አረንጓዴው ጎዳና ደጃፋቸው ላይ ስለነበረ ጭምር ነው። ልጆቻችን ወደፊት የሚያድጉባቸው ሰፈሮች ዛሬ በየዳርቻው እየተሠሩ ናቸው። አስፋልቱ ከፈሰሰና አጥሩ ከታጠረ በኋላ መንገድ ማስፋት ከባድ ነው፤ ዛፍም ለጥላ የሚበቃው በዓመታት ነው። ስለዚህ በቀጣዩ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «የእግረኛው መንገድ የት ነው? ዛፉስ የት ይተከላል?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ። በአላህ ፈቃድ መልሱን የሚያገኙት ልጆቻችን ይሆናሉ።